የአላስካ ግግር በረዶና የመርከብ ጉዞው፦ ተጓዡ በእርግጥ የሚያየው ምንድን ነው?

በየዓመቱ ከአፕሪል እስከ ኦክቶበር ከሲያትልና ከቫንኩቨር የሚነሡ ግዙፍ የመዝናኛ መርከቦች የሰሜን አሜሪካን ምዕራባዊ ጠረፍ ተከትለው ወደ አላስካ ይወጣሉ። ጉዞው ብዙውን ጊዜ አንድ ሳምንት ይፈጃል። ሲያትል ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ከተማ በመሆኗ የመርከቦቹ ነገር ለአማርኛ አንባቢም ሩቅ አይደለም፤ ይሁን እንጂ ስለ ጉዞው የሚነገረው ብዙው ነገር ወይ የተጋነነ ወይ የተምታታ ነው። በረዶ ተገምሶ ባሕር ውስጥ ሲወድቅ ያየ ሰው የዓለም ሙቀትን በዓይኑ ያየ ይመስለዋል፤ መርከቡ ወደ አሜሪካ ግዛት እየሄደ ለምን ካናዳ ጎራ እንደሚል ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ሁለቱም ማብራሪያ ይፈልጋሉ። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትና ወራት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ወደ ዋናው ጉዳይ ከመግባታችን በፊት በአንድ ቃል ላይ እንስማማ። “የበጋ ጉዞ” ሲባል የእኛ ሰው ደረቁንና ፀሐያማውን ወቅት ያስባል። የአላስካ በጋ ግን የሚውለው እኛ ክረምት በምንለው በጁን፣ በጁላይና በኦገስት ሲሆን፣ በዝናብም ቢሆን ከእኛ ክረምት አይተናነስም። በመንገዱ ላይ የምትገኘው ኬቺካን የተባለች ትንሽ ከተማ በዓመት ከ3,500 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች፤ ይህም የአዲስ አበባን ሦስት እጥፍ ያህል ነው። ይህ ዝናብ ለተጓዡ ምቾት ባይሰጥም የታሪኩ መነሻ እርሱ ነው፤ ከባሕር ዳር ዝናብ የሚሆነው ያው እርጥበት ተራራው ላይ ሲደርስ አመዳይ እየሆነ ይከመራልና።

መንገዱ በየት በኩል ያልፋል?

መርከቦቹ የሚጓዙበት የባሕር መስመር “የውስጥ መተላለፊያ” ይባላል። በደቡብ ምሥራቅ አላስካ ጠረፍ ላይ 1,100 ያህል ደሴቶች ተሰድረው ይገኛሉ፤ የአሌክሳንደር ደሴቶች ይሏቸዋል። መርከቡ በደሴቶቹና በዋናው የብስ መካከል ባሉት ጠባብ የውኃ መንገዶች ስለሚያልፍ፣ ደሴቶቹ እንደ አጥር ሆነው የሰላማዊ ውቅያኖስን ማዕበል ይመክቱለታል። ባሕር የማያውቅ ሰው እንኳ ሳያቅለሸልሸው ብዙውን መንገድ የሚጓዘው በዚህ ምክንያት ነው።

እነዚህ የውኃ መንገዶች ወንዝ የቆፈራቸው አይደሉም። በበረዶ ዘመን በረዶው ተራሮቹን እየፈገፈገ ሲወርድ ግድግዳቸው ቀጥ ያለ፣ ወለላቸው ሰፊ የሆኑ ሸለቆዎችን ቦረቦረ፤ በረዶው ሲያፈገፍግ ባሕሩ ተከትሎ ገባና ሞላቸው። እንዲህ ያለው ባሕር የገባበት የበረዶ ሸለቆ ፊዮርድ ይባላል። እንግዲህ ተጓዡ በረዶ ለማየት ሦስት ቀን ጠብቆ ከመድረሱ በፊት፣ ከመጀመሪያው ሰዓት ጀምሮ የሚንሳፈፈው በረዶ ትቶት በሄደው አልጋ ላይ ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው የመጀመሪያዎቹን ቀናት በመመገቢያ አዳራሹ ብቻ የሚያሳልፍ አይመስለኝም።

በሁለቱም ዳር የሚታየው ደን ቶንጋስ ይባላል። ስፋቱ 68,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን በአሜሪካ ካሉት ብሔራዊ ደኖች ትልቁ ነው። ከደኑ በስተኋላ ተራራና የበረዶ ሜዳ ስላለ የአላስካ ዋና ከተማ የሆነችው ጁኖ እስከ ዛሬ ድረስ ከሌላው ዓለም ጋር የሚያገናኛት የመኪና መንገድ የላትም፤ የሚደረስባት በአውሮፕላን ወይም በመርከብ ነው።

ግግር በረዶ ምንድን ነው?

ግግር በረዶ ማለት በየዓመቱ የሚወርደው አመዳይ ሳይቀልጥ እየተደራረበ፣ በራሱ ክብደት ተጨምቆ ጥቅጥቅ ያለ በረዶ ከሆነ በኋላ፣ በገዛ ሸክሙ ቁልቁል መሄድ የጀመረ ክምር ነው። ዋናው ቃል “መሄድ” የሚለው ነው። የቆመ በረዶ ግግር በረዶ አይባልም። አጠገቡ ለቆመ ሰው ድንጋይ መስሎ ይታያል እንጂ በክብደቱ ብዛት እንደ ብርድ የመታው ማር ቀስ ብሎ ይፈስሳል፤ በመንገዱ ያገኘውንም ድንጋይ እየፈጨና እየገፋ ይወርዳል። የተፈጨው ድንጋይ እንደ ዱቄት ደቅቆ ውኃው ውስጥ ስለሚቀር በግግሩ ፊት ያለው ባሕር ወተት የተቀላቀለበት ይመስላል።

አሠራሩን ለመረዳት ጎተራን ማሰብ ይጠቅማል። ጎተራ ከላይ ይሞላል፣ ከታች ይጎደላል። ግግር በረዶም ከላይ ከተራራው አመዳይ ይጨመርለታል፤ ከታች ደግሞ በመቅለጥና በመገመስ ይቀነሳል። ገቢው ከወጪው ከበለጠ ጫፉ ወደ ፊት ይገፋል፤ ወጪው ከበለጠ ጫፉ ያፈገፍጋል። “አፈገፈገ” ሲባል በረዶው ወደ ኋላ ተመልሶ ሄደ ማለት አይደለም፤ ግግሩ ምንጊዜም የሚሄደው ወደ ታች ነው፤ ጫፉ ግን ከሚደርስበት ፍጥነት በላይ እየቀለጠ ወይም እየተገመሰ ያልቃል ማለት ነው።

ይህ ለእኛ ፈጽሞ ባዕድ ነገር አይደለም። ባለፈው የበረዶ ዘመን በባሌ ተራሮች የሳነቴ አምባ ላይ ግግር በረዶ እንደነበረ ትቶት በሄደው የድንጋይ ክምር ይታወቃል። ልዩነቱ የባሌው ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት ማለቁ፣ የአላስካው ግን ሥራውን አለመጨረሱ ነው።

ሰማያዊ የሚሆነው ለምንድን ነው?

ቀለም ገብቶበት አይደለም። አዲስ የወረደ አመዳይ በውስጡ ብዙ አየር ስላለ ብርሃኑን ሁሉ በትኖ ነጭ ሆኖ ይታያል። ለዘመናት የተጨመቀው በረዶ ግን አየሩ ተገፍቶ ስለወጣ ብርሃን ጠልቆ ይገባበታል፤ በረዶው የብርሃኑን ቀዩን ክፍል ይውጣል፣ ሰማያዊውን ይመልሳል። ትንንሽ የአየር ፊኛዎች ግን ታምቀው ይቀራሉ፤ ተገምሶ የወደቀው በረዶ ባሕሩ ላይ ሲቀልጥ ፊኛዎቹ እየፈነዱ፣ አዲስ እንደተከፈተ አምቦ ውኃ የመሰለ የመንጣጣት ድምፅ ያሰማሉ።

በረዶው ሲደረመስ የሚታየው የአየር ንብረት ለውጥ ነው?

ከፊሉ አዎ፣ ከፊሉ አይደለም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው።

ጫፉ ባሕር ላይ የሚያበቃ ግግር በረዶ ምንጊዜም ይገመሳል። ዓለም ብትቀዘቅዝም ይገመሳል፤ የጎተራው ታችኛ በር እርሱ ነውና። ከመርከቡ ላይ የሚታየው አንድ ውድቀት ብቻውን ስለ ሙቀት የሚናገረው ነገር የለም። ለምሳሌ ማርጀሪ የተባለው ግግር በረዶ 34 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ሲኖረው፣ ባሕሩን የሚነካው ፊቱ 1.6 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሰፋል፤ ከውኃው በላይ ደግሞ 75 ሜትር ያህል፣ ማለትም 25 ፎቅ ያለው ሕንፃ የሚያህል ቁመት አለው። ከእንዲህ ያለ ግድግዳ ላይ ቁራጭ ሲወድቅ መጀመሪያ ይታያል፣ ቆይቶ ይሰማል፤ መርከቡ በአንድ ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ከሆነ ድምፁ የሚደርሰው ከሦስት ሰከንድ ያህል በኋላ ነው፣ ልክ እንደ መብረቅና ነጎድጓድ። የአካባቢው ነባር ሕዝብ የሆኑት ትሊንጊቶች ይህን ድምፅ ነጭ ነጎድጓድ ይሉታል።

ነገሩን ይበልጥ የሚያወሳስበው ደግሞ በባሕር ላይ የሚያበቃ ግግር በረዶ የራሱ ዑደት ያለው መሆኑ ነው። ግግሩ ወደ ፊት ሲገፋ የደለልና የድንጋይ ክምር ከፊቱ ይሰበስባል። ያ ክምር ከባሕሩ ወለል ላይ እንደ ግድብ ስለሚነሣ ጫፉን ከጥልቁ ውኃ ይከልልለታል። በሆነ ምክንያት ጫፉ ከክምሩ ላይ ትንሽ ወደ ኋላ ከሸሸ ግን ጥልቅ ውኃ ውስጥ ይገባል፤ ወንዝ ሲሻገር ከድንጋዩ ላይ እግሩ እንደተንሸራተተ ሰው መቆሚያ ያጣል። ከዚያ በኋላ ሌላ ጥልቀት የሌለው ስፍራ እስኪያገኝ ድረስ በፍጥነት እየተገመሰ ያፈገፍጋል። ኮሎምቢያ የተባለው የአላስካ ግግር በረዶ ከ1980 ገደማ ጀምሮ ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ያፈገፈገው በዚህ መንገድ ነው።

በአንጻሩ ሐባርድ የተባለው፣ 122 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለውና በሰሜን አሜሪካ ባሕር ላይ ከሚያበቁት ሁሉ ረጅሙ፣ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ወደ ፊት እየገፋ ነው። በ1986ና በ2002 ጫፉ እስከ ማዶ ደርሶ ራስል የተባለውን ፊዮርድ በመዝጋት ለጊዜው ሐይቅ አድርጎት ነበር። የላይኛው ጎተራው በጣም ከፍ ባሉ ተራሮች ላይ ሰፊ ቦታ ስለያዘ ገቢው እስካሁን ወጪውን ይበልጣል።

ታዲያ ሙቀቱስ? የሙቀቱ ማስረጃ ከመርከብ ላይ አይገኝም፤ የሚገኘው በብዙ ዓመት ልኬት ነው። ልኬቶቹ የሚያሳዩት የአላስካ ግግር በረዶዎች በአብዛኛው፣ ባሕር የማይነኩትም ጭምር፣ እየሳሱና እያጠሩ መሆናቸውን ነው። ባሕር የማይነካ ግግር በረዶ ከላይ የተባለው የጥልቅ ውኃ ዑደት የለበትምና፣ የእርሱ መሳሳት ከሚናደው ግድግዳ ይልቅ የሚያሳስብ ምልክት ነው። ችግሩ ግን ለፎቶግራፍ አይመችም።

ወደ ግሌሸር ቤይ መግባት በዘመን ወደ ኋላ መጓዝ ነው የሚባለው ለምንድን ነው?

ግሌሸር ቤይ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ የሚገባ ባሕረ ሰላጤ ነው። በ1794 የእንግሊዙ የባሕር አሳሽ የጆርጅ ቫንኩቨር ሰዎች በጀልባ ሲደርሱ ግን ባሕረ ሰላጤው የለም ለማለት ይቀል ነበር፤ ያዩት በጥቂት ኪሎ ሜትር ውስጥ የሚያበቃ ጎድጓዳና ከዚያ በላይ የተዘረጋ የበረዶ ግድግዳ ነበር። በ1879 ጆን ሙይር የተባለው የተፈጥሮ ተመራማሪ ከትሊንጊት ቀዛፊዎች ጋር በታንኳ ሲመጣ በረዶው ብዙ አሥር ኪሎ ሜትሮች ሸሽቶ አገኘው። በ1916 ደግሞ ከአፉ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ነበር። ዛሬ ሦስት ሺህ መንገደኛ የጫነ መርከብ የሚሄድበት ባሕር ከ230 ዓመት በፊት በበረዶ ሥር ነበር ማለት ነው። ይህ ማፈግፈግ የጀመረው በ18ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ አካባቢ፣ ከፋብሪካ ጢስ ዘመን በፊት በመሆኑ፣ በጅምሩ የበረዶው የራሱ ዑደትና የተፈጥሮ የአየር ለውጥ ሥራ ነው።

ስለዚህ መርከቡ ከአፉ ወደ ውስጥ እየዘለቀ በሄደ ቁጥር የሚታየው መሬት ከበረዶ የወጣው ይበልጥ በቅርብ ጊዜ ነው። አፉ አካባቢ ረጃጅም የስፕሩስ ዛፎች ያሉበት ጥቁር ደን አለ። እያለፈ ሲሄድ ደኑ እየቀጠነ ወደ ቁጥቋጦ ይለወጣል፤ ከዚያ ሣርና ሽበት መሳይ የምድር ተክል፣ በመጨረሻም የተላጠ ድንጋይ ይከተላል። ዊልያም ኩፐር የተባለ የዕፅዋት ተመራማሪ ከ1916 ጀምሮ እዚህ እየተመላለሰ በረዶ የለቀቀው መሬት ላይ ምን ምን እንደሚበቅል በተከለሉ ትንንሽ ቦታዎች መዝግቧል። ከመጀመሪያዎቹ ተክሎች አንዳንዶቹ ከአየር ናይትሮጅን ወስደው አፈሩን ያዳብራሉ፤ ገበሬዎቻችን ባቄላ የተዘራበት ማሳ በማግስቱ ዓመት ለስንዴ እንደሚመች የሚያውቁት ምሥጢር ይኸው ነው። ስፕሩሱ የሚመጣው አፈሩ ከተዘጋጀለት በኋላ ነው። ለዚህ ምርምር ሲባል የኩፐር ወገኖች ባደረጉት ጥረት ቦታው በ1925 የተጠበቀ ሐውልተ ተፈጥሮ፣ በ1980 ደግሞ ብሔራዊ ፓርክ ሆነ።

መሬቱ ራሱም ከፍ እያለ ነው። ከባድ ሰው የተነሣበት ፍራሽ ቀስ ብሎ ወደ ቦታው እንደሚመለስ ሁሉ፣ የበረዶው ሸክም የተነሣለት ምድር በአካባቢው በዓመት 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ይነሣል። የዓለም ባሕር ከፍ እያለ ነው በሚባልበት ዘመን በዚህ ጠረፍ ባሕሩ የሚሸሽ መስሎ የሚታየው ለዚህ ነው።

ሆኖም ይህን ስፍራ ባዶ ምድረ በዳ አድርጎ መሳል ስሕተት ነው። በረዶው በ18ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ፊት ሲገፋ ሁና የተባሉትን ትሊንጊቶች ከመንደራቸው አፈናቅሏል፤ ሕዝቡም ማዶ ተሻግሮ ሁናህ በተባለው ስፍራ ሰፈረ። በረዶው ለቅቆ ሲሄድ መሬቱ ፓርክ ሆኖ ጠበቃቸው፤ በቀድሞ አገራቸውም ለአደንና ለእንቁላል ለቀማ መግባት ለብዙ ጊዜ ተከለከሉ። በ2016 በፓርኩ ውስጥ የጎሣው የጋራ ቤት ተሠርቶ ተመርቋል።

ዓሣ ነባሪዎቹ በበጋ ብቻ ለምን ይታያሉ?

ሃምፕባክ የተባሉት ዓሣ ነባሪዎች የአላስካን ብርዳማ ወራት የሚያሳልፉት በአብዛኛው በሃዋይ ሞቃት ባሕር ነው፤ በዚያ ይወልዳሉ፣ ምግብ ግን እምብዛም አይቀምሱም። በበጋ ወደ አላስካ የሚመጡት የቀኑ ርዝመትና የባሕሩ ማዕድን ተባብረው የትንንሽ ዓሣና ፍጥረት ብዛት ስለሚፈጥሩ ነው፤ የዓመቱን ጾም እዚህ ይገድፋሉ። አቆስጣዎች ደግሞ፣ ማለትም ሲል የሚባሉት የባሕር አጥቢዎች፣ በተንሳፋፊ በረዶ ላይ ወጥተው ይወልዳሉ። በዚህ ምክንያት ጆንስ ሆፕኪንስ የተባለው የግሌሸር ቤይ ክፍል እስከ ኦገስት መጨረሻ ለመዝናኛ መርከቦች ዝግ ነው፤ ፓርኩ በአጠቃላይ በቀን ከሁለት የመዝናኛ መርከብ በላይ አያስገባም፤ ዓሣ ነባሪዎች በሚበዙበት ቦታም የፍጥነት ገደብ ይጥላል። መርከቡ በፓርኩ ውስጥ የትም መንገደኛ አያወርድም፤ የፓርኩ ጠባቂዎች በትንሽ ጀልባ መጥተው ይሳፈሩና ቀኑን ሙሉ ሲያስረዱ ይውላሉ።

ሲያትልና አላስካ ሁለቱም አሜሪካ ናቸው፤ መርከቡ ለምን ካናዳ ይቆማል?

ምክንያቱ በ1886 የወጣ ሕግ ነው። ሕጉ፣ የአሜሪካን ሰንደቅ ዓላማ የማያውለበልብ መርከብ መንገደኛን ከአንድ የአሜሪካ ወደብ ወደ ሌላ የአሜሪካ ወደብ ማጓጓዝ አይችልም ይላል። እያንዳንዱ መርከብ እንደ መኪና ታርጋ የተመዘገበበት አገር አለው፤ የባለቤቱ አገርና የተመዘገበበት አገር ግን አንድ ላይሆን ይችላል። ትልልቆቹ የመዝናኛ መርከቦች በአብዛኛው የተመዘገቡት እንደ ባሃማስ፣ ፓናማና ቤርሙዳ ባሉ አገሮችና ግዛቶች ነው፤ እዚያ ግብሩም የሠራተኛ ደንቡም ይቀላቸዋል። በአሜሪካ ለመመዝገብና በአገር ውስጥ መስመር ለመሥራት መርከቡ እዚያው መሠራት፣ ባለቤቱም ሠራተኞቹም በዋናነት አሜሪካውያን መሆን ስላለባቸው ወጪው ከባድ ነው። መፍትሔው በጉዞው መካከል አንድ የውጭ ወደብ መንካት ነው፤ በካርታው ላይ ቅርቡ ካናዳ ነው። ከሲያትል የተነሣ መርከብ በመመለሻው ምሽት በካናዳዋ ቪክቶሪያ የሚቆመው ከተማዋ ስለምታምር ብቻ አይደለም።

የሕጉ ክብደት የታወቀው በ2021 ነው። ካናዳ በኮሮና ምክንያት ወደቦቿን ለመዝናኛ መርከቦች በመዝጋቷ የአላስካ ጉዞ በሙሉ ሊቆም ደረሰ፤ የአሜሪካ ምክር ቤት በሜይ ወር ለዚያ ጊዜ ብቻ የሚሠራ ልዩ ሕግ ባያወጣ ኖሮ መርከቦቹ ባልተንቀሳቀሱ ነበር።

ለኢትዮጵያዊ ተጓዥ ይህ የወረቀት ጉዳይ ነው። ጉዞው “የአሜሪካ የአገር ውስጥ” ቢመስልም መርከቡ ከአሜሪካ ወጥቶ ይመለሳል። የግሪን ካርድ ባለቤት ከካርዱ ጋር ጊዜው ያላለፈ ፓስፖርት መያዝ አለበት፤ በኢትዮጵያ ፓስፖርትና በአሜሪካ ቪዛ የሚጓዝ ሰው ደግሞ የካናዳን የመግቢያ ፈቃድና ወደ አሜሪካ ተመልሶ የመግባት መብቱን ትኬት ከመቁረጡ በፊት ማጣራት ይኖርበታል። በወደቡ በር ላይ የሚሰጥ ማብራሪያ ዘግይቷል።

አደጋ አለው?

በረዶው ሲገመስ የሚያስነሣው ማዕበል መርከቦቹ ከግድግዳው ርቀው ስለሚቆሙ እምብዛም አያሰጋቸውም። የሚያሳስበው ተራራው ነው። ለሺህ ዓመታት በረዶ ደግፎት የኖረ ገደል ድጋፉ ሲነሣለት ሊናድ ይችላል፤ በጠባብ ፊዮርድ ውስጥ ሲወድቅም ውኃውን ወደ ማዶ ተራራ ይወረውረዋል። በ1958 በሊቱያ ባሕረ ሰላጤ የመሬት መንቀጥቀጥ የናደው ገደል ውኃውን ማዶ ባለው ተራራ ላይ እስከ 524 ሜትር አውጥቶታል። በኦገስት 10 ቀን 2025 ደግሞ መርከቦች ያዘወትሩት በነበረው በትሬሲ አርም ፊዮርድ፣ የሳውዝ ሶየር ግግር በረዶ ጫፍ አጠገብ ገደል ተንዶ ውኃው ከ400 ሜትር በላይ ወጣ። ጊዜው ማለዳ ስለነበር በአቅራቢያው መርከብ አልነበረም፤ ሰውም አልሞተም። ጥቂት ሰዓት ቢዘገይ ኖሮ ታሪኩ ሌላ ይሆን ነበር።

የወደቦቹ ነዋሪዎችስ?

ጁኖ 32,000 ያህል ሰው ይኖርባታል፤ በ2023 ግን ከ1.6 ሚሊዮን በላይ የመርከብ መንገደኛ ተቀብላለች። ገንዘቡን የሚፈልግም፣ በሠፈሩ መተላለፊያ ያጣም ነዋሪ አለ። ከተማዋ ከ2024 ጀምሮ በቀን ከአምስት ትልልቅ መርከብ በላይ እንዳይገባ ከኩባንያዎቹ ጋር ተስማማች፤ ከ2026 ደግሞ በቀን 16,000፣ ቅዳሜ 12,000 የመንገደኛ አልጋ የሚል ጣሪያ ተቀምጧል። ቅዳሜን ከመርከብ ነፃ ለማድረግ በ2024 የቀረበው ሐሳብ ግን በሕዝብ ድምፅ ወድቋል።

መንገደኞቹ ከወደቡ በአውቶቡስ የሚሄዱበት ዋና መስሕብ ሜንደንሆል የተባለው ግግር በረዶ ነው። ከጎኑ ያለ አንድ ትንሽ ግግር በረዶ ቀልጦ ከሸሸ በኋላ ባዶ የቀረው ጎድጓዳ በየበጋው በዝናብና በቅልጥ ውኃ ይሞላል፤ ሜንደንሆል ራሱ እንደ ግድብ ይይዘዋል። ውኃው በበረዶው ሥር መንገድ ሲያገኝ በአንድ ጊዜ ይለቀቅና ወንዙን ተከትሎ ወደ መኖሪያ ሠፈር ይወርዳል። በ2023 ቤት ይዞ ሄዷል፤ በ2024 ወደ 300 የሚጠጉ ቤቶች ውስጥ ገብቷል፤ በኦገስት 2025 የወንዙ ከፍታ ከዚያም ቢበልጥ፣ አስቀድሞ በዳርቻው የተደረደረው ጊዜያዊ መከላከያ አብዛኞቹን ቤቶች አትርፏል። ሦስቱም ጎርፎች የመጡት በኦገስት፣ የመርከቦቹ ወቅት በሚደምቅበት ወር ነው።